ከበርሜሉ የተፈቀፈቀ ድንጋይ

ዲላ ቡና የሚያመጣ ገበሬ ሁሉ ያውቀኛል፤ የሚወደኝ ግን የለም። የሚዛን ሥራ እንዲህ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ የቡና መጋዘን ሚዛን ያዥ ሆኜ ስሠራ፣ ከይርጋጨፌም ይምጣ ከወርቃ፣ ጆንያውን ሳልወጋ፣ እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ሳላገላብጥ ሚዛን ላይ ያወጣሁት ጀንፈል የለም። ድንጋይ አውጥቻለሁ። ውኃ የተረጨ ቡና አውጥቻለሁ። አንድ ጊዜ ደግሞ በጆንያው መካከል የተቀበረ የወፍጮ መጅ አወጣሁ፤ ባለቤቱ «ልጆች ሲጫወቱ ከተውት ይሆናል» ብሎ በእግዚአብሔር ስም ማለ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ነገር ለሌላው ሰው ተረት ነው፤ ለእኔ እንጀራዬ ነው። ባለቤቴ ሸዋነሽ «ባልቻ መንግሥተ ሰማይ ቢደርስ መጀመሪያ በሩን በጥፍሩ ፍቆ ወርቅ መሆኑን ሳያይ አይገባም» እያለች ለጎረቤት ታወራብኛለች። እውነቷን ነው። ከፈቅሁም በኋላ ጀርባውን ዞሬ አያለሁ።

ስለዚህ ዳቦ ጋጋሪው በቀለ ልጄን አሰገደችን ለመጠየቅ ሽማግሌ ሲልክ ወዲያው እሺ አላልኩም። ሁለት ወር አስጠበቅኩት። በቀለ የእኛው የጌዴኦ ልጅ ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመቱ፣ ከጸሎት ቤታችን የማይቀር፣ ከገበያው በላይ ባለች አንዲት ክፍል ፉርኖ ሠርቶ ዳቦና ብስኩት የሚጋግር። ብስኩቱ ከሌላው ሰው ብስኩት ይለያል። ከፍ ብሎ ይነፋል፣ አፍ ውስጥ ሲገባ ደግሞ አረፋ ይመስል ሟሙቶ ይጠፋል። ይህም ነገር አላማረኝም ነበር። ዱቄቱ ሁሉም የሚገዛው ዱቄት ነው፣ ፉርኖውም ያው ጭቃ ነው፤ የእሱ ብቻ እንዲህ የሚነሣው ምን ቢጨምርበት ነው? ግን ብስኩቱ ጣፈጠ ተብሎ ሰው ሚስት አይከለከልም።

ሰፈሩን ጠየቅኩ፣ ዘመዶቹን ጠየቅኩ፣ ጠብ ያላቸውንም ፈልጌ ጠየቅኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይጠጣል ወይ? ሁሉም አይጠጣም አሉኝ። የሁሉም ሰው መልስ አንድ መሆኑ ትንሽ ቢከነክነኝም እሺ አልኩ።

ለምን መጠጥን ብቻ እንደጠየቅኩ ልናገር፤ ማፈሩን አፍሬ ጨርሻለሁ። እኔ ጠጪ ነበርኩ። አሰገደች የስምንት ዓመት ልጅ ሳለች ገደብ ገበያ ይዣት ሄድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ «መጣሁ» አልኳትና አረቄ ቤት ገባሁ። በጭነት መኪና ተጭኜ ዲላ ስገባ ሸዋነሽ በሩ ላይ «ልጄስ?» አለችኝ። የምን ልጅ እንደምትል ለማስታወስ ጊዜ ወሰደብኝ። በማግስቱ ገደብ ስንደርስ ሀዲጃ የምትባል ጨው ሻጭ ወደ ቤቷ ወስዳ አሳድራት አገኘናት። አሰገደች አላለቀሰችም። እናቷን በሁለት እጇ ያዘች፤ ወደ እኔ ግን አላየችም። በዚያው ሳምንት ጸሎት ቤት ሄጄ ተንበርክኬ ማልኩ። ይኸው አሥር ዓመት ሆነኝ፤ አንዲት ጠብታ ወደ አፌ አልዞረችም። ልጄን ለጠጪ ከምሰጥ ቆማ ብትቀር ይሻለኛል፤ ይህን ለእሷም ለእናቷም ነግሬያቸዋለሁ።

በጸሎት ቤታችን ሥርዓት ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት የሁለቱ ስም ሦስት እሑድ በጉባኤ ፊት ይነበባል። ተቃውሞ ያለው ሰው ከሦስተኛው እሑድ በፊት ለሽማግሌዎች ይናገራል፤ ካልተናገረ ከዚያ በኋላ ዝም ይበል ነው። የመጀመሪያው እሑድ ተነበበ። አሰገደች አንገቷን ደፍታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ሸፍና ስትስቅ አየኋት። ደስ አለኝ። እንዲህ ስትስቅ ብዙ ጊዜ አላየኋትም ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ቅዳሜ ከሰዓት ከመጋዘን ስመለስ በአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ አቋረጥኩ። እዚያ የግሪኩ የሙሴ ኮስታ ግሮሰሪ አለ። ሙሴ ኮስታ ወይን ጠጅ ከአዲስ አበባ በትልልቅ የእንጨት በርሜል እያስመጣ፣ በጠርሙስ እየሞላ ለሾፌሮችና ለአውራጃው ሹማምንት ይሸጣል። እኔ በዚያ በኩል ሳልፍ ሁልጊዜ ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ነው። የዚያን ቀን ግን የጓሮው አጥር ክፍት ነበርና ዓይኔ ገባ። አንድ በርሜል በጎኑ ተጋድሟል፤ ከአፉ ሁለት እግሮች ወጥተዋል። የሰው እግሮች ናቸው። ከውስጡ ክርር፣ ክርር የሚል ድምፅ ይሰማል።

ቆምኩ። ጥቂት ቆይቶ እግሮቹ ወደ ኋላ ተሳቡ፣ ቀጥሎ ወገብ፣ ቀጥሎ ራስ ወጣ። በቀለ ነበር። ዓይኑ ደም መስሏል፣ ጣቶቹ ሐምራዊ ሆነዋል፤ ሊቆም ሲል ተንገዳገደና አጥሩን ያዘ። እኔ መንገዳገድን አውቃለሁ፤ የሃያ ዓመት ሙያዬ ነበር። ከዚያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ከበርሜሉ ሥር አነሣ፣ ግራና ቀኝ አየ፣ በካፖርቱ ሥር ሸጎጠና በጓሮ በር ወጣ። ሲያልፍ ሽታው እኔ ወዳለሁበት መጣ። ወይን ጠጅ ነው።

ከመሄዴ በፊት ግሮሰሪው ገባሁ። አሥር ዓመት ያልረገጥኩት ደጃፍ ነው። ሙሴ ኮስታ አማርኛው ወንድና ሴት አይለይም።

«አንቺ ባልቻ! መጣሽ? ቀይ ልስጥሽ ነጭ?»

«መጠጥ አልፈልግም። ያ ልጅ ከአንተ ዘንድ ምን እየወሰደ ነው?»

«ድንጋይ» አለ እየሳቀ። «ወይን በርሜል ውስጥ ብዙ ይተኛል፣ ድንጋይ ይወልዳል። እሱ ይፈቀፍቃል፣ ይወስዳል። እኔ በርሜል ንጹሕ ይሆናል። ሁለታችን ደስ ይለናል።»

«ድንጋዩን ምን ያደርገዋል?»

ሙሴ ኮስታ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «እሱ ለማንም አትንገሪ ብላኛለች» አለና ጠቀሰኝ።

ከወይን የሚወለድ ድንጋይ፣ ለማንም የማይነገር! ሌባ ተይዞ ዱላ አይጠየቅም ይባላል፤ ግን እኔ ማስረጃ ሳልይዝ የምናገር ሰው አይደለሁም። ከዚያው በቀጥታ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄድኩ። በቀለ ቀድሞኝ ገብቶ ፉርኖው አፍ ላይ ጎንበስ ብሎ ፍሙን ሲያወጣ ነበር። ሲያየኝ ደነገጠና ቀና ብሎ «አቶ ባልቻ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለ። ሁለት ዳቦ አዘዝኩ። ጀርባውን ሲያዞር ከጠረጴዛው ሥር ያለውን ቆርቆሮ ክዳኑን ገለጥ አደረግሁ። ግማሹ ጨው የመሰለ ነጭ ዱቄት ነው። በአጠገቡ ባለው ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ቅርፊት የተላጠ፣ በአንድ በኩሉ ቀይ፣ በሌላው በኩል እንደ አሞሌ ጨው የሚያብለጨልጭ ድንጋይ ሞልቷል። ጭብጥ ሙሉ አንሥቼ ኪሴ ከተትኩ። ሰረቅክ የሚለኝ ካለ ይበለኝ፤ ጆንያ ስወጋም የምወስደው ናሙና ተመልሶ አይገባም።

«ዛሬ ደክሞህ ነው? ዓይንህ ቀልቷል» አልኩት።

«ጭስ ነው» አለኝ። ዓይኔን አላየም።

ዋሸኝ። የወደፊት አማቹን ፊት ለፊት ዋሸ። ሰው ደግሞ የሚዋሸው የሚደብቀው ስላለው ነው።

ያን ማታ ነገሩን አሰላሰልኩት። በዚያ ዓመት በሚሲዮኑ ክሊኒክ ለሕፃናት የዱቄት ወተት ይታደል ነበር። ነጭ ዱቄት ነው፤ ፈሳሽነት የለውም፣ ወተት ወተትም አይልም። ግን ሙቅ ውኃ ጨምረህ ስታማስለው ወተት ይሆናል። በዓይኔ አይቻለሁ፤ ሸዋነሽ ለጎረቤት ሕፃን በጥብጣለች። እንግዲህ ፈረንጅ ወተትን አድርቆ ዱቄት ካደረገ ወይን ጠጅን አድርቆ ድንጋይ ማድረግ ምን ይሳነዋል? ጠርሙስ ቢይዝ ይታያል፣ ቢሸት ይታወቃል። ድንጋይን ግን ማን ይፈትሻል? ወጣቱ መዝሙር ዘምሮ፣ «አሜን» ብሎ ቤቱ ይገባል፤ በር ይዘጋል፣ ውኃ ያፈላል፣ ድንጋዩን ይበጠብጣል፤ ሰካራም ይሆናል። ልጄ ደግሞ ከአጠገቡ ትቀመጣለች። ይህ በአእምሮዬ ውስጥ እንደ ቀን ብርሃን ግልጽ ሆነ። እንዲያውም እኔ ብሆን ኖሮ ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኝም ነበር።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፤ እንደሚያሰክር ማረጋገጥ። ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ «ይመስለኛል» ማለት አልችልም። ሚዛን «ይመስለኛል» አይልም።

በማግስቱ እሑድ ስማቸው ለሁለተኛ ጊዜ የሚነበብበት ቀን ነበር። ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ሸዋነሽ ግንባሬን ነካች። አሰገደች «አባባ፣ ዛሬ እንኳ?» አለች። ሄዱ።

ቤቱ ጭር ሲል ተነሣሁ። ድንጋዩን በሙቀጫ ወቀጥኩ፤ በቀላሉ ይደቃል። ውኃ አፈላሁ። በአንድ ስኒ ሁለት ማንኪያ ጨምሬ አማሰልኩ። ውኃው ደፍርሶ ሐምራዊ ሆነ፤ እንፋሎቱ ፊቴን ሲመታው የሙሴ ኮስታ ጓሮ ሸተተኝ። ተንበረከክሁ፤ «ጌታ ሆይ፣ ለልጄ ስል ነው፣ አንተ ታውቃለህ» አልኩ። ጠጣሁ። እንደ ሎሚ ይኮመጥጣል፣ ጥርስ ያሳክካል። ተቀምጬ ጠበቅኩ። ምንም።

ሁለተኛ ስኒ በጠበጥኩ። አሁን ደረቴ ሞቅ አለኝ። ጆሮዬ አካባቢ ያ የማውቀው ነገር፣ ያ ሰው ሁሉ ወንድም የሚመስልበት ነገር፣ መጣሁ መጣሁ ሲል ተሰማኝ። አሃ፣ አልኩ፤ ተገኘ! ሦስተኛውን ስጠጣ ግድግዳው ላይ ተደግፌ እግሬን ዘርግቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ዘፈን የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ የለም። ገደብ አረቄ ቤት እንዘፍነው የነበረ ነው፤ ቃሉን ረሳሁት ብዬ ስምል አሥር ዓመት ኖሬአለሁ፤ አንድ ቃል አልጎደለም። እየዘፈንኩ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩ ደስ አለኝ።

ሸዋነሽ በሩ ላይ ቆማ አየኋት። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመች አላውቅም። አጠገቤ መጥታ የሸሚዜን ኮሌታ ልታስተካክል ይመስል ጎንበስ አለች፤ ፊቷ ፊቴን ሊነካ ትንሽ ቀረው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«መዝሙር» አልኳት።

ሌላ ነገር ልትጠይቀኝ ስትል ሆዴ ጮኸ። እንደ ነጎድጓድ ነው የጮኸው። ከእንሰቱ ጀርባ ወዳለው ሽንት ቤት ሮጥኩ፤ የዚያን ቀን እስኪመሽ ሰባት ጊዜ ተመላለስኩ። ይህንንም በማስረጃነት ያዝኩት፤ መጥፎ አረቄ ድሮም እንዲህ ያደርገኝ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሽማግሌው ወደ ወልደዮሐንስ ቤት ሄጄ ተቃውሞ አስመዘገብኩ። በቀለ ጠጪ ነው፤ መጠጡንም በድንጋይ መልክ ቤቱ ያከማቻል፤ ያሰክራል፤ ምስክር አለኝ አልኩ። ወልደዮሐንስ ትልቅ ትዕግሥት ያለው ሰው ነው። «ወንድም ባልቻ፣ ይህ የልጅህ ሕይወት ነው፤ እርግጠኛ ነህ?» አለኝ። «እንደ ሚዛን» አልኩት። ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ሁላችንም እንድንቀርብ ተቆረጠ።

አሰገደች ነገሩን የሰማችው ማክሰኞ ነው። አልጮኸችም። መጮህ ብትችል ይቀለኝ ነበር። የምትለቅመውን ጎመን አስቀምጣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«ምን አይተህ ነው?»

«ሐሙስ ትሰሚያለሽ።»

«አባባ፣ እሱን ካላገባሁ እሞታለሁ አልልም፤ አልሞትም። ሲጠጣ አይተኸው ከሆነ እኔው ራሴ እተወዋለሁ። ግን እንደ ጆንያህ ወግተኸው ብቻ ከሆነ፣ ይቅር አልልህም።»

ማታ ስገባ በሩ ላይ እንደ ልማዷ ጉንጬን ከመሳም በቀር እስከ ሐሙስ አላናገረችኝም። እኔ ግን ልቤ ጸንቶ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንድ ቀን ታመሰግነኛለች አልኩ።

ሐሙስ በወልደዮሐንስ ቤት ስድስት ሆነን ተቀመጥን። ወልደዮሐንስ፣ ሁለተኛው ሽማግሌ ሙሉካ፣ በቀለ፣ እኛ ሦስታችን። ሙሉካ ከወርቃ የመጣ ያረጀ ገበሬ ነው፤ ጥርስ ስለሌለው የበቀለን ብስኩት በሻይ እየነከረ ነው የሚኖረው ማለት ይቻላል። ተጸለየ። ተነሥቼ ያየሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ እግሮቹን፣ መንገዳገዱን፣ ጣቶቹን፣ ጥቅሉን፣ «ጭስ ነው» ብሎ መዋሸቱን። በመጨረሻ ድንጋዩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

በቀለ ፊቱ አመድ መሰለ። ወልደዮሐንስ «ወንድም በቀለ፣ ይህ የአንተ ነው?» አለው።

«የእኔ ነው።»

«ከወይን ጠጅ የወጣ ነው?»

«ከወይን ጠጅ የወጣ ነው።»

አሰገደች ዓይኗን ጨፈነች። እኔ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ አሁን ሳስበው ያን ምስጋና እንዳልሰማኝ ተስፋ አደርጋለሁ።

«ዋሽቻለሁ» አለ በቀለ። «ለአቶ ባልቻ ጭስ ነው ማለቴ ውሸት ነው። በርሜል ውስጥ ጭንቅላትህን ከተህ አንድ ሰዓት ስትፈቀፍቅ ትንፋሹ ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያቃጥላል። ስወጣ አጥር ካልያዝኩ እወድቃለሁ። የደበቅሁት ስለፈራሁ ነው። ‹ወይን› የሚል ቃል ከሰማችሁ ዳቦዬን የሚበላ አማኝ አይኖርም ብዬ ነው።»

«ዳቦው ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?» አለ ሙሉካ። «ድንጋይ እኛን ታበላናለህ እንዴ?»

በቀለ ሊያሳይ ፈቃድ ጠየቀ። ከቦርሳው ነጩን ዱቄት አወጣ። ቀዩን ድንጋይ በፈላ ውኃ እንደሚያሟሟው፣ በጨርቅ እንደሚያጠልለው፣ ሲቀዘቅዝ ነጩ ከሥር እንደሚረጋ፣ እስኪጠራ ድረስ ሦስት ጊዜ እንደሚመልሰው ነገረን። ይህን ያሳየው ሙሴ ኮስታ ነው፤ በሀገሩ እናቱ እንዲህ ታደርግ ነበር። በቀለ ከነጩ አንድ ማንኪያ፣ ከመድኃኒት ቤት ከሚሸጠው ሶዳ ግማሽ ማንኪያ በሳህን ላይ ቀላቀለና ለብ ያለ ውኃ አፈሰሰበት። ሹሽ ብሎ አረፋ ሆነ፤ ከሳህኑ ጠርዝ ሊወጣ ደረሰ። ሙሉካ ወደ ኋላ ሸሸ።

«ብስኩቱን የሚነፋው ይህ ነው» አለ በቀለ። «ከጠላ አተላ እርሾ ልወስድ እችል ነበር፤ ሌሎች ይወስዳሉ። አማኝ ነኝ፣ የሚያሰክር ነገር ዱቄቴ ውስጥ አላስገባም ብዬ ነው ይህን የያዝኩት።»

ከዚያ ከኪሱ የጠቆረ የመዳብ አምስት ሳንቲም አወጣ፤ እርጥቡን ዱቄት በጣቱ አሸበት። የጃንሆይ መልክ ቀይ ሆኖ ብቅ አለ። «ለዚህም ያገለግላል። የከተማው ሆቴል የናስ ዕቃውን የሚያጥበው ከእኔ በሚወስደው ነው።»

ሙሉካ ሳንቲሙን ተቀብሎ አገላበጠ፤ ቀጥሎ አረፋውን አየ። «ሦስት ዓመት ይቺን ነው የበላሁት?»

«አዎ፣ አባት።»

«አንድ ቀን ሰከርኩ ወይ?»

«አልሰከሩም።»

«እንግዲያ ሌላም ጋግርልኝ» አለና ሳንቲሙን መለሰለት።

ወልደዮሐንስ ሳቁን ዋጠ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ያየሁትን አይቻለሁ። ተነሣሁ። «ሽማግሌዎች ሆይ፣ ይህ ሁሉ የአረፋ ጨዋታ ነው። ድንጋዩ ያሰክራል። ምስክር አለኝ ብያለሁ።»

«ምስክሩ ማነው?» አለ ወልደዮሐንስ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ጥያቄ የሚጠይቀኝ ሰው አለ ብዬ አላሰብኩም ነበር፤ እውነቴን ነው። ለማሸነፍ ተጣድፌ ስሮጥ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ መሆኔን ረሳሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩ። «ጠጥቼ መርምሬዋለሁ። እሑድ ዕለት፣ በፈላ ውኃ፣ ሦስት ስኒ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

በቀለ በጭንቀት አየኝ። «አቶ ባልቻ፣ ሦስት ስኒ? ያልተጣራውን? ይህ ነገር እኮ አያሰክርም፤ አንዲት ፍሬ የሚያሰክር ነገር የለበትም። ብዙ ከወሰዱት ሆድ ያስኬዳል እንጂ። ሆድዎን አላመመዎትም?»

«ሰባት ጊዜ ወጥቷል» አለች ሸዋነሽ ቀስ ብላ።

ሙሉካ ድዱን አሳይቶ እስኪያስለው ሳቀ። ወልደዮሐንስም ሳቀ፤ በቀለ እንኳ ፊቱን አዞረ። አያሰክርም? ደረቴ ሞቆ ነበር። ዘፍኜ ነበር። ያን ሁሉ ቃል ከየት አመጣሁት? የኮመጠጠ ሙቅ ውኃ ነው እንዴ ያስለቀሰኝ?

ያልሳቀችው አሰገደች ብቻ ናት። ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየች።

«አባባ፣ የመጀመሪያውን ስኒ ለምን ጠጣህ?»

«ለመመርመር። ለአንቺ ስል።»

«እሺ፣ አምኛለሁ። ምን አገኘህ?»

«ምንም።»

«ሁለተኛውንስ ለምን ጠጣህ?»

ሳቁ ቆመ። ሙሉካ እንኳ ማሳሉን ተወ። እኔ መልስ ፈለግሁ፤ ብዙ መልስ አለኝ፣ በሚዛን ቤት ዘጠኝ ዓመት የሰውን ሁሉ ምክንያት ስሰማ ኖሬአለሁ። ናሙና አንድ አይበቃም ልል እችል ነበር። ለማረጋገጥ ነው ልል እችል ነበር። ልጄ ግን እያየችኝ ነው፤ ያኔ በገደብ ገበያ ያልሰጠችኝን ዓይን አሁን ሰጥታኛለች፤ በዚያ ዓይን ፊት ልዋሽ አልቻልኩም።

«ጠምቶኝ ነው» አልኩ። «ቢገኝበት ብዬ ነው። ባይገኝበት አዝን ነበር።»

ተቀመጥኩ። ያን ያህል ሰው ጠርጥሬ፣ ዳቦ ጋጋሪውን በርሜል ድረስ ተከትዬ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሚዛን ላይ ያላወጣሁት ጆንያ እኔው ነበርኩ። አፈርኩ፤ ከማፈሬ ይልቅ ግን ፈራሁ፤ አሥር ዓመት ሞቷል ያልኩት ነገር ቃል ሳይረሳ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ስለኖረ።

ወልደዮሐንስ «ወንድም ባልቻ፣ የጠጣኸው ድንጋይና ውኃ ነው፤ ለዚያ ማንም አይቀጣህም። የፈለግኸውን ግን አንተም እግዚአብሔርም ታውቃላችሁ። እንጸልይልሃለን» አለ። ወደ በቀለ ዞሮ «አንተም ለወደፊቱ ከእኛ አትደብቅ» አለው። የፊታችን እሑድ ሦስተኛው ይነበባል ተባለ። እኔ ተነሥቼ በቀለን ይቅርታ ጠየቅኩት። ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሊነካ ሲል ያዝኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሸዋነሽ ቀድማ ሄደች። አሰገደች ከእኔ ጋር ቀረች።

«እናቴ እሑድ አሸተተችህ» አለችኝ። «ምንም አልሸተታትም። ምን እንደሆነ ስላላወቀች አራት ቀን እንቅልፍ አልወሰዳትም።»

«ኮሌታዬን የምታስተካክል መስሎኝ ነበር።»

«አባባ፣ ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ በሩ ላይ የምስምህስ ለምን ይመስልሃል?»

መንገዱ መካከል ቆምኩ። አሥር ዓመት ሙሉ፣ አንድ ማታ ሳታጓድል፣ በር ከፍታ ጉንጬን ትስመኛለች። በመጋዘን ውስጥ ገበሬው ሲሰድበኝ፣ ነጋዴው ሲያመናጭቀኝ፣ ቤት የምትስመኝ ልጅ አለችኝ እያልኩ ነው የምችለው። «ለማሽተት ነው?» አልኳት።

«ለማሽተት ነው» አለች። አላቀለለችውም። «መጀመሪያ እናቴ ናት ያስተማረችኝ። ከዚያ ልማድ ሆነ። አንተ ብቻ ነህ የምትጠረጥር የሚመስልህ።»

አልተቆጣሁም። በምን አፌ? እሷ ስታሸተኝ እኔ መሳም መስሎኝ የኖርኩት አሥር ዓመት አንድ በአንድ ፊቴ መጣ። አጠገቧ ሆኜ ሄድኩ።

በማግስቱ ዓርብ ከመጋዘን ስመለስ አሰገደች እንደ ወትሮዋ በሩን ከፈተች፤ ግን ደፉ ላይ ቆማ ቀረች። ለመቅረብም ለመራቅም ያፈረች ይመስል ነበር። እኔው ባርኔጣዬን አውልቄ ጎንበስ አልኩ፤ አፌን ከፈትኩ።

«አሽቺ» አልኳት።

አሸተተች፤ ጊዜ ወስዳ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ ሳመችኝ፤ ማሽተቱንና መሳሙን ለየብቻ።